ብሩ ወዲያው ይደርሳል፤ ዕቃውስ?

ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እና ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው የክፍያ ዋስትና እንዲበጅ መጠየቅን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ልናገር። አንድ ሰው አይቶት ለማያውቀው ሻጭ ሲከፍል፣ ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ ገንዘቡ በታመነ ተቋም ዘንድ ተይዞ የሚቆይበት አሠራር ይኑረን። በመመሪያ የታወቀ ይሁን። ሰው በየቀኑ በሚጠቀምባቸው የክፍያ መተግበሪያዎች ውስጥ ይገኝ። ለ500 ብር ዕቃም ይሥራ።

የምውለው በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሚሸጡና ከሚገዙ ሰዎች ጋር ነው። ብዙ ነገር ያማርራሉ። ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሞተር ኪራዩ ያወራሉ። ረጋ ብላችሁ ስታዳምጧቸው ግን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግራቸው ነገር ይታወቃል። ሻጭ ገዢውን አያምንም፤ ገዢም ሻጩን አያምንም። በመሃላቸው ደግሞ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ የለም።

የተሠራውን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆናል። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 በ2003 ዓ.ም. ወጣ። በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ በር ተከፈተ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ተከተለ። ኢትስዊች ባንኮቹን እርስ በርስ አገናኘ። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይን የመሳሰሉ ድርጅቶች ድረ ገጽ ላለው ነጋዴ ክፍያ መቀበያ አቀረቡ። ስማርት ስልክ የሌላት እናት እንኳ *127# ብላ ብር ትልካለች። ብር ለመላክ ባንክ ሄዶ ሰልፍ የመያዝ ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ሁላችንም እናስታውሰዋለን።

ስለዚህ ብር በመላክ በኩል ትልቅ መንገድ ሄደናል። በመገበያየት በኩል ግን ገና ነን። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የኢንተርኔት ንግዳችን በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በሰነድ ላይ ሲጻፍ ድረ ገጽ፣ የግዢ ቅርጫትና የካርድ ክፍያ ያለው ይመስላል። በተግባር አብዛኛው ንግድ የሚካሄደው በቴሌግራም ቻናል ነው።

ሻጯ የጫማውን ፎቶ ትለጥፋለች። ከሥሩ ቁጥርና ዋጋ ትጽፋለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብላ ታልፋለች። ገዢዋ ትደውላለች። «38 ቁጥር አለ?» «አለ።» ገዢዋ አዲስ አበባ ከሆነች ነገሩ ቀላል ነው። ሞተረኛ ያመጣላታል፣ በር ላይ አይታ ትከፍላለች። ገዢዋ ጎንደር ወይም ጅማ ከሆነች ግን ጨዋታው ይቀየራል። «ወደ ክፍለ ሀገር በቅድሚያ ክፍያ ብቻ» ትባላለች። የግል ሒሳብ ቁጥር ይላክላታል። ትከፍላለች፣ ስክሪንሾት ትልካለች። ከዚያ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ መናኸሪያ ሄዳ ትጠብቃለች።

አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ይመጣል። ይህን ማለት ለሻጮቻችን ይገባቸዋል። ባብዛኛው የሚነግዱት ስማቸውን ጠብቀው ነው። ግን አንዳንዴ አይመጣም። ወይም 38 ያለችው 36 ሆኖ ይመጣል። ወይም በፎቶው ላይ ቆዳ የነበረው ላስቲክ ሆኖ ይመጣል። ስትደውል ስልኩ አይነሳም። ስትጽፍ ብሎክ ተደርጋለች።

አሁን ይህች ሴት የት ትሂድ? ባንኳ «ገንዘቡን የላክሽው አንቺ ነሽ፣ የይለፍ ቁጥሩንም ያስገባሽው አንቺ ነሽ» ይላታል። ልክ ነው፤ ማዘዋወሩ ላይ ስህተት የለበትም። ፖሊስ ጋ ብትሄድ የምትሰጠው ስልክ ቁጥርና የቻናል ስም ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አለ። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው። ግን ለ1,800 ብር ጫማ ከጅማ ተነስቶ ፈቃዱና አድራሻው የማይታወቅ ሻጭ የሚከስ ማን ነው? ማንም። ተበላሁ ብላ ትተወዋለች። ከዚያም በኋላ ቀድማ አትከፍልም፤ እህቷንም ጎረቤቷንም እንዳይከፍሉ ትመክራለች። የጠፋው የአንዲት ጫማ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰፈር ገዢ ነው።

በሻጩም በኩል ችግሩ ያነሰ አይደለም። ስለ እሱ ብዙ አይወራም፤ ስለዚህ እኔ ላውራለት። ስክሪንሾት ማስረጃ ሆኖ መቆጠሩ ትልቅ ጥፋት ነው። በስልክ ላይ ስምን፣ ቀንንና የብሩን መጠን መቀየር ለሚችልበት ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል። ገዢው «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስልኩን ያሳያል። የሻጩ ኤስኤምኤስ ገና አልገባም። ኤስኤምኤስ እስኪገባ ይጠበቅ ቢባል ገዢው ይቆጣል፣ ሞተረኛው ሌላ ሥራ አለበት። ዕቃው ይሰጣል። ብሩ ሳይገባ ይቀራል። ጠንቃቃ ሻጮች የማዘዋወሪያ ቁጥሩን በባንኩ ገጽ ላይ ያጣራሉ፤ ግን ኔትወርክ በሌለበት በር ላይ ይህ አይሠራም። መጨረሻ ላይ ብዙ ሻጭ ምን ይላል? «በካሽ ብቻ።» ይህን ያህል ተደክሞበት የተዘረጋ የዲጂታል ክፍያ፣ ዲጂታል በሆነው ንግድ ውስጥ ወደ ካሽ ይመለሳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

በር ላይ ክፍያ የሚባለውም ለሻጩ ነጻ አይደለም። ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ «ተውኩት» ቢል የሞተሩን ሂሳብ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ያንን ኪሳራ በሚቀጥለው ዕቃ ዋጋ ላይ ይደምረዋል። ሐቀኛው ገዢ ለማያውቀው ሰው ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ አዲሱ ሐቀኛ ሻጭ ነው። የቆየው ቻናል ሃምሳ ሺህ ተከታይ አለው፤ ሰው ያምነዋል። ጨንቻ ላይ የዶርዜ ጋቢ የሚሸምን ልጅ፣ ሐረር ላይ ስፌት የምትሰፋ እናት፣ ከፋ ላይ ማር የሚያጣራ ማኅበር ግን ዛሬ ቻናል ቢከፍቱ ማን ቀድሞ ይከፍላቸዋል? ዕቃቸው ጥሩ ነው። ስልክም አላቸው። ብር የሚቀበሉበት ሒሳብም አላቸው። የጎደላቸው አዲስ አበባ ያለው ገዢ ሳይፈራ እንዲከፍላቸው የሚያደርግ ዋስ ነው። አገራዊ የኢንተርኔት ንግድ አድጓል የምንለው ዕቃ ከክልል ወደ መሃል፣ ከመሃልም ወደ ክልል፣ ከአንዱ ክልልም ወደ ሌላው እንደ ልብ ሲሄድ ይመስለኛል። የአዲስ አበባ ሞተረኞች የሚደርሱበት ድረስ ብቻ የሚሠራ ንግድ የአንድ ከተማ ንግድ ነው።

የሚገርመው መፍትሔውን እኛ ራሳችን እናውቀዋለን። መኪና ስንገዛ እንዴት ነው የምናደርገው? ገዢው ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ የሚያረጋግጠውን የክፍያ ሰነድ፣ ያሠራል። ሻጩ ብሩ በባንኩ እጅ እንዳለ ያውቃል። ገዢው ደግሞ ስሙ ሳይዞር ሲፒኦውን አያስረክብም። ውልና ማስረጃ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ፈርመው፣ ያኔ ይለዋወጣሉ። በመሃል ያለው ባንክ ነው ሁለቱንም ያረጋጋቸው። ለሚሊዮን ብር ግዢ ይህ ጥበቃ አለን። ለጫማና ለሕፃን ልብስ የለንም። አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ የሚገዛው ጫማና የሕፃን ልብስ ነው።

ሌላውም ዓለም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። ታኦባኦ የተባለው የቻይና የግብይት መድረክ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2003 ሲጀመር ችግሩ የእኛው ዓይነት ነበር። የአንዱ ከተማ ሰው የሌላውን ከተማ ሻጭ አያምንም ነበር። በዚያው ዓመት አሊፔይ የሚባለውን አሠራር አመጡ። ገዢው ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን ለሻጩ ወዲያው አይሄድም። መሃል ላይ ይያዛል። ለሻጩ «ተከፍሏል፣ ዕቃውን ላክ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ገዢው ዕቃውን ተቀብሎ ሲያረጋግጥ ገንዘቡ ይለቀቃል። አሊፔይን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በትልቅነቱ ነው፤ የተነሳው ግን ከዚህች ቀላል ሐሳብ ነው። ፈጣን ክፍያ ስለነበራቸው አይደለም ግብይታቸው ያደገው። ያኔ የእነሱ ክፍያ ከዛሬው የእኛ ክፍያ የዘገየ ነበር።

ፈጣን ክፍያ ቀድመው የዘረጉ አገሮችም በኋላ ጥበቃውን መጨመር ግድ ሆኖባቸዋል። ብራዚል ፒክስ የተባለውን ፈጣን ክፍያ በዚያው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2020 ጀመረች፤ በዓመቱ በ2021 በማጭበርበር የተወሰደ ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳብ ላይ ታግዶ የሚመለስበትን ሥርዓት አከለችበት። በእንግሊዝ ደግሞ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ፣ ተታልሎ ራሱ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ ባንኮች በሕግ በተቀመጠው ገደብ ውስጥ እንዲመልሱ ይገደዳሉ። ወጪውንም የላከውና የተቀበለው ባንክ እኩል ይካፈሉታል። «ራስሽ ነሽ የላክሽው» የሚለው መልስ እዚያም ነበር። በቂ እንዳልሆነ ታይቶ ነው የተቀየረው።

ታዲያ እኛ ጋ እንዴት ይሠራ? ከሻጮችና ከሞተረኞች ጋር ደጋግመን ተነጋግረንበታል። የሚሠራ የሚመስለኝን ልንገራችሁ።

ገዢዋ ስትከፍል ሁለት ምርጫ ይቅረብላት። አንዱ እንደ ዛሬው ቀጥታ መላክ ነው። ሁለተኛው «ስቀበል ይለቀቅ» የሚል። ሁለተኛውን ስትመርጥ ገንዘቡ ከሒሳቧ ይወጣል፤ ሻጩም ክፍያው ተይዞለት እንዳለ ከራሱ ከክፍያ ተቋሙ መልእክት ይደርሰዋል። ስክሪንሾት አያስፈልግም። ገዢዋ ጋ ደግሞ አጭር የሚስጥር ቁጥር ይመጣል። ሞተረኛው ሲመጣ ዕቃውን ታያለች፣ ከወደደችው ቁጥሩን ትነግረዋለች። ቁጥሩ ሲገባ ገንዘቡ በዚያው ቅጽበት ለሻጩ ይለቀቃል። ይህ በኤስኤምኤስና በ*127# ዓይነት አጭር ቁጥር ሊሠራ ይችላል። ዘመናዊ ስልክም ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

በአውቶቡስ ለሚላክ ዕቃ ትንሽ ይለያል። ሻጩ የጫነበትን ቀንና የመኪናውን ሰሌዳ ያስገባል። ገዢዋ መናኸሪያ ሄዳ ስትቀበል ቁጥሩን ታስገባለች። ከተቀበለች በኋላ ዝም ብትል በተወሰነ ቀን ውስጥ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቅ። ሻጩ በተባለው ቀን ካልጫነ ደግሞ በራሱ ወደ ገዢዋ ይመለስ። ማንም ማንንም መለመን የለበትም።

የሚነሳብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ሻጮቹ ራሳቸው አንስተውብኛል። «ዕቃውን ከመርካቶ ያነሳሁት በዱቤ ነው። ብሩ ከተያዘብኝ በምን መልሼ አመጣለሁ?» ትክክለኛ ስጋት ነው። መልሱ የመያዣው ጊዜ አጭር መሆኑ ላይ ነው። በከተማ ውስጥ የሚያዘው ሞተሩ እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ሻጩ ዛሬም ያንን ሰዓት ይጠብቃል። በክልል ንግድ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ግን ዛሬ ጭራሽ ቀድመው የማይከፍሉ ገዢዎችን ስለሚያመጣ ሻጩ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱ መጠነኛ ክፍያ ይኖረው ይሆናል፤ ጣሪያው ግን በመመሪያ ይወሰን። ካልሆነ ትንሹ ዕቃ ላይ ክፍያው ከትርፉ ይበልጣል።

ሌላው ጥያቄ ገንዘቡን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ጥብቅ ቢሆን እደግፋለሁ። ማንም መተግበሪያ የሠራ ወጣት የሰው ገንዘብ ሰብስቦ ይያዝ አልልም። የሞባይል ገንዘብ አቅራቢዎች የደንበኛን ገንዘብ ከራሳቸው ለይተው በባንክ እንዲያስቀምጡ ዛሬም ይገደዳሉ። ለተያዘው የግብይት ገንዘብም ይኸው ሕግ ይሥራ። ድርጅቱ ቢከስር የገዢዋ ብር አብሮ እንዳይሰምጥ።

ክርክር ሲነሳስ? «የመጣልኝ ሌላ ነው» ብትል ማን ይፍረድ? ይህ የሁለታችሁም ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡ የብሔራዊ ባንክ፣ ዕቃው የንግድ ሚኒስቴር ነው። ዛሬ ቅሬታ ያለው ሰው በሁለቱ መሃል ይንከራተታል። ባንኩ «የንግድ ጉዳይ ነው» ይለዋል፤ ንግድ ቢሮው «የባንክ ጉዳይ ነው» ይለዋል። እኔ ራሴ ለአንዲት ዘመዴ ብዬ እዚያና እዚህ ተመላልሼ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተቋማት በትህትና ሸኝተውኛል። ተቋማቱን እዚህ አልጠቅስም፤ የሠራተኞቹ ጥፋት አልነበረም፤ ምን እንዲያደርጉ የሚነግራቸው ደንብ ስላልነበራቸው ነው። አንድ የጋራ የቅሬታ መቀበያ ይኑር። ቅሬታው መጀመሪያ ገንዘቡን በያዘው ተቋም ይታይ፤ በተወሰነ ቀን ካልተፈታ ለጋራው ክፍል ይለፍ። ለትንሽ ገንዘብ ክርክር ጠበቃም ፍርድ ቤትም አያስፈልግ። የዕቃው ፎቶና የሁለቱ ወገን መልእክት ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ሻጮች በግል ሒሳብ የሚቀበሉት ለማጭበርበር ብለው አይደለም። የነጋዴ ሒሳብ ለመክፈት ንግድ ፈቃድ ይጠየቃሉ። ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ከቤቷ ሆና በሳምንት ጥቂት ልብስ ለምትሸጥ ሴት ከባድ ነው። ግብሩንም ትፈራለች፤ ገና ሳላተርፍ ይጫንብኛል ትላለች። እና ትደበቃለች። የተደበቀ ሻጭ ደግሞ ለገዢው ዋስትና ሊሰጥ አይችልም፣ ለመንግሥትም ግብር አይከፍልም። በፋይዳ ቁጥር ብቻ የሚከፈት፣ የዓመት ሽያጭ ጣሪያ ያለው የትንሽ ሻጭ ሒሳብ ቢኖር ይህ ይፈታል። ማንነቷ ይታወቃል። ጣሪያውን ስታልፍ ወደ ንግድ ፈቃድ ትሸጋገራለች። መጀመሪያ ላይ ግን አታስፈራሯት። የመጀመሪያው ደብዳቤ የቅጣት ደብዳቤ ከሆነ ሁሉም ተመልሶ ወደ ካሽ ይገባል። ይህን የምለው ሻጮቹን ስለማውቃቸው ነው።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አልልም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። «ሲስተም የለም» የምትለዋ ቃል ከአንደበታችን ብትጠፋ ደስ ይለናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ላንሳ። ከላኪው ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ያልደረሰ ገንዘብ በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ እንዳለበት ቁርጥ ያለ ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡም በየቅርንጫፉ ይለጠፍ። ለአንድ ትንሽ ነጋዴ ሁለት ቀን የተንጠለጠለ ብር የሁለት ቀን ሥራ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። በመጀመሪያ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ የክፍያ ተቋም ጋር፣ በአዲስ አበባና በአንድ የክልል ከተማ መካከል ይሞከር። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር ይታይ። ስንት ክርክር ተነሳ፣ በስንት ቀን ተፈታ፣ ስንት አዲስ ሻጭ ገባ የሚለው ለሕዝብ ይገለጽ። ከዚያ ረቂቅ መመሪያው ይውጣ። ረቂቁ ሲወጣ አስተያየት የሚጠየቁት ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ አይሁኑ። በስብሰባ አዳራሽ ወንበር የማይደርሳቸው፣ ግን ንግዱን በየቀኑ በእጃቸው የሚሠሩት የቴሌግራም ሻጮች፣ ሞተረኞችና የክልል ገዢዎች ይጠሩ። ሻጮቹ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆኑ ስብሰባው ማታ ወይም እሑድ ቢሆን ይሻላል። ቦታና ሰዓት ብቻ አሳውቁን፤ የማውቃቸውን ሰብስቤ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር